ብርዱ በበጋ፣ በረዶው በክረምት

ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሮቤ ላይ በማለዳ የወጣ ሰው ሣሩን ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። በመኪና መስታወት ላይ የተጋገረው ውርጭ በጥፍር ይፋቃል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውኃ ስስ መስታወት ለብሶ ያድራል። ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ፀሐይ ሳትሞቅ ፎቶው «ባሌ በረዶ ጣለ» ተብሎ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ከሥሩም ዓመት ጠብቆ የሚመጣው ክርክር ይጀመራል። አንዱ «ይሄ ውርጭ ነው እንጂ በረዶ አይደለም» ይላል። ሌላው «ሳነቴ ላይ ግን ጥሏል፣ ዘመዴ በዓይኑ አይቷል» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ከአውሮፓ የተወሰደ የጥድ ደን ፎቶ ለጥፎ «ቱሉ ዲምቱ ዛሬ ጠዋት» ይላል። የቀረው ብርዱ በዚሁ ከቀጠለ በሚቀጥለው ሳምንት አይቀርም ብሎ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው ግን በተሳሳተ ወር ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከሳነቴ ራቅ ብሎ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ካለው አንድ ሙግት መነሳት ያስፈልጋል።

ሙግቱን ያወሳሰበው አንዱ ነገር ቃሉ ራሱ ነው። አማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ ረግቶ የሚወርደውንም በረዶ ይላል። አዲስ አበባ ላይ «በረዶ ጣለ» ሲባል ቆርቆሮ የሚያንኳኳውና የጓሮ ጎመን የሚበሳው ነው። ለሦስተኛው ዓይነት ቃል አጥተን ግን አይደለም። ግእዝ ሐመዳ ይለዋል፣ አማርኛም ከእሱ የወሰደው አመዳይ የሚል ቃል አለው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ተጠቅመውበታል። ቃሉ ከአመድ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል፤ ላየው ሰው የሚወርደው ነጭ ብናኝ አመድ መስሎት ይሆናል። ዛሬ አመዳይ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን ለውርጭም ይለዋል። በባሌ የሚነገረው ኦሮምኛም ጨቢ በሚለው ቃል በረዶን ከነዓይነቱ ይጠቀልላል። እንግዲህ «በረዶ ጥሏል» እና «አልጣለም» የሚሉት ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ስለወረደ አመዳይ የሚናገረው እጅግ ጥንታዊ ጽሑፍ ያለው በአዱሊስ ነበር። ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን በግሪክኛ አስቀርጾ ነበር፤ ጽሑፉን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ባይገለብጠው ኖሮ ዛሬ አይኖርም ነበር። ንጉሡ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲዘምት ብርዱና ውርጩ እንደማይለይ፣ አመዳዩም እስከ ጉልበት እንደሚያሰምጥ ያወራል። ለዘመቻ ጉራ ተብሎ የተጨመረ ነገር ይኖር ይሆናል፤ ግን በሐሩር አገር የተቀመጠ ንጉሥ ያላየውን አመዳይ ፈጥሮ ያወራል ማለት ይከብዳል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦም በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ እንዳለ ጻፈ። ከእሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1769 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ኢየሱሳውያንን አይወድም ነበር፤ ሎቦን ደጋግሞ ውሸታም ብሎታል፤ በሰሜን ተራሮችም በረዶ አላየሁም አለ። የሚያስቀው ብሩስ ራሱ አገሩ ሲገባ ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረውን የለንደን ሰው አላምን ብሎ ውሸታም ማለቱ ነው። ከአላመኑት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር፤ ጆንሰን ደግሞ በወጣትነቱ የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ነው።

ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና 1810 ሲመጣ የሰሜንን ተራሮች አመዳይ ለብሰው አየ። ብሩስ ለምን እንዳላየውም ሲያስረዳ፣ ሰውዬው ከተራሮቹ ግርጌ አልፎ ወደ ላይ አልወጣም አለ። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ግን ከቦታው ሌላ ወሩም አለ። ብሩስ በሊማሊሞ በኩል አልፎ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው፤ በበጋው እምብርት፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ጊዜ። ሶልት ያየው ግን በልግ ሲዘንብ ነው። ብሩስ ራስ ደጀን ጫፍ ቢወጣም እንኳ ምናልባት ውርጭ እንጂ አመዳይ ላያገኝ ይችል ነበር።

የሰሜን በረዶ ይህን ያህል ሲጻፍለት የባሌው አልተጻፈለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰሜን ተራሮች ከምጽዋ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ናቸው፤ መልእክተኛ፣ ነጋዴና ቄስ ሁሉ ያልፍባቸዋል። ሳነቴን ይሻገር የነበረው ግን ፈረሰኛ እረኛ ነው፤ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከብቱን ይነዳል እንጂ ማስታወሻ አይጽፍም። የፊንላንዱ ጂኦግራፈር ሄልመር ስሜድስ ስለ ባቱ ተራሮች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው ከዚያም አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባው ገና በ2023 ነው። ስለዚህ የሳነቴን በረዶ ታሪክ የያዙት የእረኛው፣ የሾፌሩና የፓርኩ ስካውት ትዝታዎች ናቸው፤ እነሱን ቁጭ አድርጎ የጠየቀ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ወሩ ጉዳይ እንመለስ። የኛ አቆጣጠርና የአውሮፓ አየር አንድ ላይ ሲተረጎሙ የተፈጠረ ስሕተት አለ። ክረምት ማለት ለእኛ ዝናብ ነው፤ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ። የውጭ ዜና ስንተረጉም ግን የፈረንጆቹን የብርድ ወቅትም ክረምት እንለዋለን። የክረምት ኦሊምፒክ የምንለው በእኛ በጋ፣ በየካቲት የሚካሄድ ነው። (ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር እዚህ አገር የጥምቀት ፀሐይ ገና አልበረደም ነበር።) በዚህ የተነሳ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከኒውዮርክና ከሞስኮ የበረዶ ምስል በቴሌቪዥን ሲታይ፣ እዚህም የሚበርደው በዚያው ወር ስለሆነ፣ በረዶውም አብሮ መምጣት አለበት የሚል ግምት በሰው አእምሮ ገባ።

እዚያ ብርዱና እርጥበቱ አብረው ይመጣሉ። እዚህ ተለያይተው ነው የሚመጡት። በባሌ ደጋ ዝናብ የሚኖረው በመሠረቱ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ደመና አይኖርም። ደመና ለምድር ጋቢ ነው፤ ሌሊት የቀኑን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ጋቢው ሲገፈፍ ምድሩ የቋጠረውን ሙቀት በአንድ ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ሳነቴ ላይ እንዲህ ባለው ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ድረስ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነም ከተራራው ወደ ረባዳው ይንሸራተታል፤ የሮቤ ሜዳ በማለዳ ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች በየበጋው ስለ ማለዳ ቅዝቃዜ ሲያሳስቡ ባሌ ሮቤን ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከሐሮማያ ጋር የሚጠሩት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን አየሩ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ የሚያረጋው እርጥበት ከሌለ ምንም አይወርድም። ሣሩ ላይ የምናየው ነጭ ነገር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን አየር ውስጥ የነበረው ጥቂት ተን ሣሩ ላይ ረግቶ ነው።

በበልግና በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አየር በየሺህ ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ስለሚቀዘቅዝ በከተማይቱና በተራራው ጫፍ መካከል ወደ አሥራ አንድ ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ጎባ ውስጥ 11 ወይም 10 ዲግሪ ሆኖ ዝናብ ሲያካፋ፣ ሰውም «ዛሬ ብርድ ነው» እያለ ቡናውን ሲጠጣ፣ ጫፉ ላይ ያው ዝናብ አመዳይ ወይም ደቃቅ በረዶ ሆኖ ሊወርድ ይችላል። ከታች ሆኖ የሚያየው የለም፤ ተራራው ጉም ውስጥ ነው። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ፀሐይ አለች። የምድር ወገብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ የወረደው ሳይውል ይቀልጣል። ኪሊማንጃሮና ኬንያ ተራራ በረዷቸውን ይዘው የቆዩት ከ5,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ነው፤ የእነሱም እየሳሳ ነው። ባሌም ራስ ደጀንም ለዚያ ቁመት አይደርሱም።

ያልደረሱት ግን ዛሬ ነው። በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የባሌ ተራሮች 265 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን የበረዶ ግግር ተሸክመው እንደነበር ያሳያል። ይህ ዛሬ ፓርኩ ከያዘው መሬት ከአሥር አንድ እጅ በላይ ነው። አየሩ ከአሁኑ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር። ሳነቴ ላይ ዛሬ መኪና አቁመው የሚያዩዋቸው የድንጋይ ረድፎች፣ አንዳንዶቹ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙና 15 ሜትር የሚሰፉ፣ ሰው ያልደረደራቸው ናቸው፤ መሬቱ በየጊዜው እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ገፍቶ ያሰለፈው ነው። አሁን ሌሊት የሚረጋው የአፈሩ ገጽ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም።

ከዚህ ጥናት ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ሌላ ነው። የባሌ ግግር በረዶ ትልቅ የነበረው ዓለም በጠቅላላ እጅግ በቀዘቀዘችበት፣ ማለትም ከ21,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን አካባቢ ሳይሆን ከዚያ ቀድሞ ነው። አጥኚዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ የግግሩ ጊዜ የተለያየው የሙቀት፣ የዝናብና የተራራው አቀማመጥ ድርሻ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው ይላሉ። ብርድ ብቻውን በረዶ አይሠራም፤ ያኔም አልሠራም።

በዚያ ዘመን ሰውም እዚያ ነበር። ፊንጫ ሐበራ የተባለው ዋሻ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እየተመላለሱ እንደኖሩ ያሳያል። ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ለመሣሪያ የሚሆን ኦብሲዲያን ድንጋይ ያመጡ ነበር፤ የሚበሉት በዋናነት ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚበላውን ያንኑ ትልቁን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ነው፤ ውኃቸው ከሚቀልጠው ግግር ይወርድ ነበር። «ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ የለም» ለሚለው ሰው መልስ የሚሰጠው ይህ ዋሻ ነው።

አሁን የቀረው የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ግግሩ ሲሸሽ ወደ ላይ የተከተሉት ፍጥረታት ብርዱን ይዘው ይኖራሉ፦ ሌሊት ቅጠሉን ጨምድዶ ቡቃያውን ከውርጭ የሚሸፍነው ጅብራ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ብቻ ብቅ የሚለው ፍልፈል፣ እሱን ለመያዝ ቀን ቀን የሚያድነው ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 የማይሞሉ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት እዚህ ናቸው። አየሩ ሲሞቅ እርሻና ከብት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቱሉ ዲምቱ በላይ ግን ለቀበሮው የሚቀር ተራራ የለም።

ከታች ደግሞ ውርጩ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። በሲናና፣ በአጋርፋና በጎባ ሁለተኛው ወቅት ስንዴ በጥቅምትና በኅዳር ማሳ ላይ ነው። አበባ ላይ ያለ ስንዴ አንድ መጥፎ ሌሊት ቢመታው ዛላው ከላይ ደህና መስሎ ቆሞ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ገበሬው የሚያውቀው ሲወቃ ነው። ባቄላና ድንች እንኳ ወዲያው ጠቁረው ይናገራሉ። ለዚህ ገበሬ «ባሌ በረዶ ጣለ» የሚለው ፎቶ መዝናኛ አይደለም። ፎቶ አንሺዎቹን ግን መውቀስ አይገባም፤ ሥራቸው ግማሽ መንገድ የሄደ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቀበሌውን ጽፈው «በረዶ» ከማለት «ውርጭ» ቢሉ፣ በረባዳው ማሳና በኮረብታው መካከል ያለውን ልዩነት አንድ የከተማ ጣቢያ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ብሩስና ሶልትም የተጣሉት ቀንና ቦታ ሳይነጻጸር ነው።

አመዳዩን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጥርን ትቶ በሚያዝያ ወይም በነሐሴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ ከጎባ በጨለማ መነሳት አለበት። አስታውን አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጣ 12 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ዕድል ካለው የቱሉ ዲምቱን ጀርባ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጅብራው ብቻ ጠቁሮ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ላይ ከደረሰ የሚያገኘው እርጥብ ድንጋይ ነው።