የተዋበች ባል፣ የጥሩወርቅ ባል



ባለፈው እትማችን ስለ ካሣና ስለ ተዋበች ፍቅር ጽፈን ነበር። ወረቀቱ ከጎጆ ወደ ጎጆ ሲዘዋወር ሰንብቶ ጠርዙ አልቆ ተመለሰልን። አስተያየትም ደረሰን። አንዳንዶች «እንዲህ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል?» ብለው አመሰገኑን። አንድ አዛውንት ግን «ጎንደርን ያቃጠለውን ሰው በፍቅር ታጥቡታላችሁ ወይ?» ሲሉ ላኩብን። አንድ ወጣት ደግሞ «አገር ባጣንበት በረሃ ጀግና አታሳጡን፤ ክፉ ክፉውን አትጻፉ» ሲል አስጠነቀቀን። ከሁሉ ይልቅ አፋችንን ያስያዘን ግን የአንዲት እኅታችን ጥያቄ ነው። ከውሃ ስትመለስ ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ፣ «ጥሩወርቅንስ ለምን ዘለላችኋት?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ታሪኩን የተቀበልነው እንደዚያው ተቆርጦ ነው፤ በክፍል ቆመን ስናስተምርም ተዋበች ከሞተችበት ላይ እናቆም ነበር። ተማሪዎቻችን ያለቅሳሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ትምህርቱም በዚያ ያበቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የዕዳ ክፍያ ነው።

የታሪኩ መነሻ ከዚህ ከተጠለልንበት ምድር ብዙ አይርቅም። ከገዳሪፍ ወደ ድንበሩ ሲሄዱ ጋላባት፣ ከማዶ መተማ ይገኛል፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ያው መተማ ነው። ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የቋራው ካሣ ኃይሉ ይህን ቆላ ይመላለስበት ነበር። በ1840 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ዘልቆ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠመ፤ በመድፍ ተመቶ ብዙ ሰው አልቆበት ተመለሰ። ኋላ ንጉሥ ሆኖ ለመድፍ ያሳየው ናፍቆት ከዚህ ሽንፈት ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎች ይስማሙበታል።

ተዋበች የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናት። ለካሣ የተዳረችለት ስለ ፍቅር ተብሎ አልነበረም። ሽፍታውን በአማችነት ገመድ ለማሰር ታስቦ ነው። ገመዱ ግን ሌላ ሰው አሰረ፤ ተዋበች ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ለባሏ አደረች። ካሣ ቆስሎ በተኛ ጊዜ መድኃኒተኛው የሰባች ላም አምጡ ቢል፣ መነን ላሟን ትተው ቁራጭ ሥጋ ላኩ፣ ተዋበችም በንቀቱ ተቃጥላ ባሏን አነሣሣች እየተባለ ይተረካል። በ1845 ዓ.ም. ካሣ በአይሻል ራስ አሊን ድል አደረገ። እኛ ይህን ስናነብ እናጨበጭባለን። ይሁንና ድል የሆነው የሚስቱ አባት ነበር። ከፍቅር ታሪካችን ሁሉ በሚያምረው በዚህ ውስጥ እንኳ አንዲት ልጅ አባቷን ከፍላ ባሏን ማግኘቷን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፈች። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ዐፄ ቴዎድሮስ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ውቤ ማን ናቸው? በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል የሆኑት የሰሜንና የትግሬ ገዥ፣ ከዚያ ወዲህም የንጉሡ እስረኛ ናቸው። ሙሽራዪቱ የሄደችው አባቷን በሰንሰለት ወዳሰረው ሰው ቤት ነው። ትዳሩ አልሰመረም። ንጉሡ ሲገቡ እቴጌዪቱ ዳዊት እየደገሙ ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ለምን ተብለው ቢጠየቁ፣ ከእርስዎ ከሚበልጥ ጌታ ጋር እየተነጋገርኩ ነው የሚል መልስ ሰጡ ይባላል። ንጉሡም ሌላ ሴት ወደዱ። ከዚህ ትዳር የተወለደው ዓለማየሁ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲገድሉ ጥሩወርቅ እዚያው ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ወደ ሰሜን ይዟቸው ሲጓዝ በወሩ በመንገድ ታመው ሞቱ፣ በጨለቆትም ተቀበሩ። ልጃቸው እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ዊንድዘር ነው። በስደት ከሞቱት ልጆቻችን አንዱ እሱ አይደለም እንዴ?

ታዲያ ተራኪውም ሰሚውም ጥሩወርቅን የሚዘሉት ለምን ይሆን? እኛ እንደሚመስለን ተዋበች ለጀግናው ምክንያት ስለምትሆንለት ነው። «ተዋበች ባትሞትበት ኖሮ እንዲህ ባልጨከነ» እንላለን። ሐዘኑ እውነት ነው። ነገር ግን የወሎ ዘመቻ የተጀመረው፣ ውቤ የታሰሩት በ1847 ዓ.ም. ነው፤ በመሬት ምክንያት ከካህናት ጋር የተጀመረው ጠብ ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ያን ጊዜ ተዋበች በሕይወት ነበረች። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ስትዘረፍና ስትቃጠል፣ በመቅደላ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ 200 የሚጠጉ እስረኞች ሲገደሉ፣ ያን ሁሉ በአንዲት ሟች ሴት ላይ መጫን ለሟቿም ለሞቱትም ግፍ ነው።

ይህ ከሁለት ከፍሎ የማየት ልማድ የቆየ ነው። በራሳቸው በንጉሡ ዘመን ከነበሩት ታሪክ ጸሐፊዎች ደብተራ ዘነብ የሚያደንቅ ብዕር ነበረው፤ አለቃ ወልደ ማርያም ግን መራራውን ጻፈ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ» ብሎ፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለእናቱ» ብሎ ቴዎድሮስን ለአዲስ አንባቢ አቀረቡ። ለዚያ ዘመን ወጣት ቴዎድሮስ ከድሃ ወገን ተነሥቶ አገር አንድ ያደረገ የራሱ ሰው ሆነ። እያንዳንዱ ዘመን የሚፈልገውን ቴዎድሮስ አነበበ፤ ዘነብን ብቻ ያነበበ ግማሽ ሰው አገኘ፣ ወልደ ማርያምን ብቻ ያነበበም እንዲሁ።

ነገሩ በነገሥታት ታሪክ ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሰማን መካከል ለበዛብህ ያላዘነ የለም። ሆኖም በዛብህ ወደ ሰብለ ወንጌል የገባው ፊደል ሊያስተምራት ነው፤ እኛ መምህራን ይህን ማየት ነበረብን። ነገሩ ሲታወቅ እሱ ሸሸ፣ እሷ ቀረች። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አልደበቁም፤ የደበቅነው እኛ አንባቢዎች ነን። እንባችን ዓይናችንን ጋረደው።

እንግዲህ ለአዛውንቱ፦ ልክ ነዎት፤ እሳቱን ሳንጽፍ ፍቅሩን መጻፋችን ጥፋት ነው። ለወጣቱ ወንድማችን፦ ጀግናህን የሚወስድብህ የለም። ነገር ግን በዚህ ጣቢያ የአንዱ ጀግና የሌላው ጎጆ አቃጣይ የሆነበት ብዙ ነው። ልጆቻችን ውሃ ሊቀዱ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፣ በየጎጆው ግን የተለያየ ጀግና ይነገራቸዋል። ጉድለቱ የተደበቀለት ጀግና የልጅ መጫወቻ አይሆንም፤ ነገ ልጁ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ይቅር የሚልለት ይሆናል። ሚስቱን የሚያስለቅስ ባልም «ጀግና እንዲህ ነው» ይላል።

ለእኅታችን፦ ከዛሬ ጀምሮ በዛፉ ሥር በምናስተምረው ክፍል ታሪኩ ተዋበች ስትሞት አይቆምም። ጨለቆት ድረስ፣ ዊንድዘር ድረስ ይሄዳል። ልጆቹም «ደግ ነበር ወይስ ክፉ?» ብለው ሲጠይቁን፣ መልሰን «ለማን?» እንላቸዋለን።

አያቶቻችሁ ስለ ጥሩወርቅ የነገሯችሁ ነገር ካለ ጻፉልን፤ መጻፍ የማይችል በቃል ይንገረን። ለሚቀጥለው እትም ወረቀቱን ክፍት አድርገን እንጠብቃለን።