ጥፋቱ የማን ነው? ከአዝማሪው ማሲንቆ እስከ ፕሌይስቴሽን

በቅርቡ እዚህ ደብረ ኤልያስ የወጣቶች ኅብረታችን ከጸሎት በኋላ ክርክር ገጥሞ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ተኩስ ያለበት ጌም የሚጫወት ልጅ ነገ ሰው ይገድላል ወይ?» አንድ ወንድም ታናሹ ከፕሌይስቴሽን ቤት ሲመለስ በር እየረገጠ እንደሚገባ ነገረን። አንዲት እህት ደግሞ፣ «እኛ አካባቢ ሰው የሚሞተው በመሬት ድንበርና በደም ነው፤ ገዳዮቹ ጆይስቲክ ነክተው አያውቁም» ስትል መለሰች። ሁለቱም የተናገሩት ያዩትን ነው። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ ይህ ክርክር ከጌም በፊትም እንደነበረ አሰብኩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት በትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከአንድ ወር በኋላ የሆነው ነው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጠንቋዮችንና እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን ለጸጥታ አደገኞች ናቸው ብሎ ከሰሳቸው። ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙንና እስከዚያ ቀን 70 ሰዎች መገደላቸውን ገለጸ። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደያዘ ተቆጠረ።

ታዲያ አመጹ ቆመ? አልቆመም። ዓመት ሳይሞላ ጎጃም ተነሣ። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ሌሎችም አርበኞች ጠላትን መውጫ መግቢያ አሳጡት። ገበሬው የሸፈተው አዝማሪ ስለዘፈነለት አልነበረም፤ መሣሪያው ስለተቀማ፣ ታላላቆቹ ስለተገደሉበት፣ አገሩ ስለተያዘበት ነው። ግራዚያኒ ይህን ቢያምን ኖሮ ራሱን መክሰስ ነበረበት። ዘፋኙን መክሰስ ቀለለው።

ይህ ማለት ግን ቃል ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ደብረ ኤልያስ እንዲህ ሊባልባት የሚችል ቦታ አይደለችም። ሐዲስ አለማየሁን ጨምሮ ስንት ተማሪ ለቅኔ ትምህርት የመጣባት የቃል አገር ናት። ሽለላና ቀረርቶም የሰውን ደም እንደሚያሞቁ ሁላችን እናውቃለን። ቂም ያለበት ሰው ተቀምጦ ሳለ ፉከራ ሲሰማ፣ ወንድሙን ያልተበቀለ ወንድ አይደለም የሚል ቃል ሲደገምበት፣ ያደረው ነገር ይቀሰቀሳል። ወናፍ እሳት አይፈጥርም፤ ፍም ካገኘ ግን ያነዳል።

ጨዋታም እንደዚሁ ነው። አባቶቻችን የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ጥርስ ይሰበር፣ ቅልጥም ይቀጠቀጥ ነበር። ሆኖም በዚያ ቀን ጌታም ቢሆን እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደው ስለነበር ጠቡ ሜዳው ላይ እንዲቀር ይጠበቅ ነበር። ዱላው የጠብ ዱላ እንዳይሆን የሚከለክለው በዙሪያው የቆመው ማኅበረሰብ ነው።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ተማሪዎች በኮሎምባይን ትምህርት ቤት 12 ተማሪዎችንና 1 መምህር ገደሉ። ልጆቹ «ዱም» የሚባለውን የተኩስ ጌም ይወዱ ነበርና ብዙ ሰው ጣቱን ወደዚያ ቀሰረ። ነገር ግን ያንኑ ጌም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ልጆችም ተጫውተዋል፤ ማንንም አልገደሉም። የካሊፎርኒያ ግዛት ኃይል የበዛባቸው ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ሕግ ብታወጣም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ሻረው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 የደረሰበት መደምደሚያ ለሁለቱም ተከራካሪዎቻችን የሚሆን ነው፦ እንዲህ ያሉ ጌሞች እንደ መጮህና መገፈታተር ካሉ ጠባዮች ጋር ትንሽ ግንኙነት አላቸው፤ ግድያን በእነርሱ ማመካኘት ግን ማስረጃ የለውም፣ ከእውነተኛው ምክንያትም ዓይናችንን ያዞራል።

ስለዚህ በሩን የሚረግጠው ልጅ እውነት ነው፤ የእህታችንም መልስ እውነት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ስንከፍትም ሁለቱን እናገኛለን። በዘፍጥረት 4 ላሜሕ ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ እየፎከረ ይናገራል፤ ፉከራው የመጣው ከግድያው በኋላ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ቃየንም ወንድሙን ለመግደል ዘፈን አላስፈለገውም። በ1ኛ ሳሙኤል 18 ግን ሴቶቹ ለዳዊት ሲዘፍኑ ሳኦል ተቆጣ፤ በማግስቱ ጦር ወረወረ። ዘፈኑ የነካው በልቡ የነበረውን ቅንዓት ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 4 ስለ ጠብ ምንጭ ሲጠይቅ መልሱን የሚፈልገው በውስጣችን ካለው ምኞት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የተኩስ ድምፅ ከስክሪን ብቻ የሚሰማ አልሆነም። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ወገኑን የቀበረ ልጅ በመካከላችን አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጌም ብቻ መከራከር ይቀላል፤ ምክንያቱም ጌም ሲከሰስ ማናችንም አንከሰስም። ታናናሾቻችን ምን እንደሚጫወቱና ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ እንጠይቅ፤ ይህ የታላቅ ወንድምና እህት ድርሻ ነው። ነገር ግን እዚያ አናቁም። በቤታችን ለስንት ዓመት የተቀመጠ ቂም አለ? ስለ ሌላው ወገን ሲወራ እኛ ምን እንጨምራለን? ደም ለማድረቅ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ከእኛ መካከል ማን አብሯቸው ይቆማል?

በሚቀጥለው ስንገናኝ ክርክሩ ይቀጥላል ተብሏል። እኔ ይዤ የምሄደው ጥያቄ ተለውጧል። ወናፉን ማን እንደያዘ ከመጠየቄ በፊት፣ ፍሙ በእኔ ዘንድ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።