ፓርክ አይሸጥም፣ በሊዝ ይሄዳል

«ፓርኩን ሊሸጡት ነው» ሲባል «ኧረ መሬት አይሸጥም!» የምንል አለን። እውነት ነው፤ የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆነ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም ሽያጭን ከለከለ። ግን ሊዝ አለ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጪ የንግድ ቦታ እስከ 70 ዓመት እንዲያዝ ፈቀደ። ዛሬ በሃያዎቹ ያለን፣ ዘጠና ሲያልፈን እንረከባለና!

ከአዳማ ቢሾፍቱ ብቅ ብላችሁ እዩ። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ዳርቻ ሪዞርቶች ተደርድረዋል፤ ውሃውን ለማየት ብዙ ጊዜ መግቢያ መክፈል ነው (ማኪያቶው ሳይቆጠር)። ሆራ አርሰዲ ግን በየዓመቱ ለኢሬቻ ሕዝብ ይጎርፍበታል፤ እንጠረው ቢባል ማን ይሰማል? ያስከበረው ካርታ ብቻ አይመስለንም፣ የሚመላለስበት ሰው ነው። አዳማ ውስጥም አረንጓዴ ቦታ ለአልሚ ይሰጥ ከተባለ እኛ አይሰጥ ባዮች ነን። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ሰው ጥላው ሥር እንደሚቀመጥ ይቆጠር።