ኤይት ክሬዚ ናይትስ

ኤይት ክሬዚ ናይትስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለእይታ የበቃ፣ በአይሁድ የሐኑካ በዓል ሰሞን የሚካሄድ ሙዚቃዊ የአኒሜሽን ኮሜዲ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ሴት ኪርስሊ ሲሆን፣ ኮሜዲያኑ አዳም ሳንድለር ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው። ርእሱ የመነጨው ሳንድለር እ.ኤ.አ. በ1994 በሳተርደይ ናይት ላይቭ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ካቀረበው የሐኑካ ዘፈን ነው።

ዴቪ ስቶን የተባለ ጠጪና ጠበኛ ጎልማሳ ሰክሮ በፈጸመው ጥፋት ተከሶ፣ በእስር ፈንታ የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኛ የሆኑትን አዛውንት ዋይቲ ዱቫልን እንዲረዳ ይፈረድበታል። ሳንድለር ዴቪን፣ ዋይቲንና የዋይቲን እኅት ኤሊኖርን በድምፅ ይጫወታል።

ቀልዱ በአብዛኛው በዓይነ ምድር፣ በግሳትና በሰውነት ገጽታ ላይ ያተኩራል። በአንድ ትዕይንት ዴቪ ዋይቲ ያሉበትን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ቁልቁል ይለቀዋል፤ በእዳሪ የተለወሱትን ሽማግሌም አጋዘኖች ይልሷቸዋል። ይህ ጸያፍነት ወላጆቹን በሐኑካ ሰሞን በመኪና አደጋ ካጣው ዴቪ ሐዘን ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

ፊልሙ ለወላጆች ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን የ13 ዓመት ደረጃ አግኝቷል። ብዙ ሐያስያን ቢነቅፉትም፣ የገና ፊልሞች በሚበዙበት ሆሊውድ ሐኑካን ማዕከል ካደረጉ ጥቂት የትልቅ ስቱዲዮ ሥራዎች አንዱ ነው።