አስተናግርና አስነጋሪ

በአገራችን አንድ ሰው ጥቂት ቀምሶ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁም ከፍ ካለ፣ «ተዉት፣ አብሾ አለበት» ይባላል። ቃሉ ዛሬ የመጠጥ ቤት ቀልድ ቢሆንም የመጣው ከመጠጥ ቤት አይደለም። አብሾ የቆሎ ተማሪ «አእምሮ ይከፍታል፣ ቀለም ያስይዛል» ብሎ የሚጠጣው የዕፅ ጭማቂ ነው። የሰማውን የማይረሳ፣ ቅኔው የማይነጥፍበት ሊቅ ሲገጥመውም ሕዝቡ «ይህ አብሾ ቢጠጣ ነው እንጂ!» ብሎ ይደነቃል።

ለአብሾ ይውላሉ ከሚባሉት ዕፆች ዋነኛው አስተናግር ነው፤ አጠፋሪስም ይሉታል። ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ቆጋ ለወረደ ሰው እንግዳ ተክል አይደለም። በመንገድ ዳር፣ በፈረሰ በረት፣ በማሳ ጠርዝ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። አበባው ነጭ መለከት ይመስላል፤ ፍሬው እሾህ ለብሷል። ስሙ ግብሩን ይነግረናል፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋል።

ለመሆኑ ይህ ዕፅ በእርግጥ አእምሮ ይከፍታል? መልሱን ለማግኘት ከቅኔ ቤት ወጥተን ወደ ቤተ ሙከራ መግባት ይኖርብናል።

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች አማካይነት መሆኑን ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ አሳየ። ያገኘው ንጥረ ነገር በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ፤ ይኸው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ለትኩረትና አዲስ ነገርን ለመያዝ እጅግ አስፈላጊ ነው። በአስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ደግሞ አሴቲልኮሊን መልእክቱን የሚያደርስበትን በር ይዘጋል። ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ለጤናማ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ሲፈትኗቸው አዲስ ነገር መያዝ ተሳናቸው፤ ውጤታቸውም የአረጋውያንን መሰለ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች አይጥን መርሳት ማስያዝ ሲፈልጉ የሚወጓት ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶኔፔዚል የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ይሠራል።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውለው። የእኛ ተማሪ እንዳይረሳ ብሎ የሚጠጣው ዕፅ፣ ሳይንስ ለማስረሳት የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር የያዘ ነው! መርዝም ነው፤ ልብን ያስሮጣል፣ ያቃዣል፣ ሲበዛም ይገድላል።

ታዲያ እነዚያን ሊቃውንት ማን ፈጠራቸው?

ፍቅር እስከ መቃብርን (1958 ዓ.ም.) ያነበበ ሁሉ በዛብህን ስለሚያውቀው የቆሎ ተማሪን ደበሎና አኩፋዳ እዚህ አልተርክም። የትምህርቱን ሥርዓት ግን ልብ እንበል። ተማሪው ማታ ግሱንና አገባቡን ይሰማል። ሌሊቱን ተኝቶ ይነሣና ከሰው ርቆ ጫካ ውስጥ ወይም ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። (እኔ በቀን ሥራዬ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ፤ የኔ ቆጠራ በማሽን ይታገዛል፣ የእርሱ ግን ብራና እንኳ የለውም።) ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የቆጠረውን ሁሉ በቃሉ ይዞ መጥቶ በአስነጋሪው ፊት ይናገራል። አስነጋሪው ከተማሪዎቹ የላቀው፣ የሚሰማና የሚያርም ነው። ከዚያም የኔታ ፊት ይቀርባል። ስሕተቱ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነውና።

የሥነ ልቦና ጥናት ወደዚህ ሥርዓት የተጠጋው ቀስ በቀስ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ ራሱን ከፈተነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ፣ መርሳት መጀመሪያ ላይ ፈጣን፣ እየቆየ ግን ዝግ ያለ መሆኑን አሳየ፤ በአንድ ቀን ከሚታጨቅ ትምህርት ይልቅ በቀናት ተከፋፍሎ የሚጠና እንደሚበልጥም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎችን ፈትነው፣ አጥንቶ የተኛ ሰው አጥንቶ ነቅቶ ከዋለው ያነሰ እንደሚረሳ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ አንዱን የተማሪ ቡድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ፈተና ደጋግሞ ያነበበው በለጠ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከራሱ አውጥቶ የጻፈው በብዙ በለጠው።

ማታ መስማት፣ መተኛት፣ በማግሥቱ ያለ መጽሐፍ ከራስ ማውጣት፣ መታረም፣ ይህንንም ለዓመታት በየቀኑ ማድረግ። ቤተ ሙከራው ደጋግሞ ያመሰገነው መንገድ በጎንጅና በዋሸራ ጉባኤ የቆየ ልማድ ነው።

ታዲያ አብሾ ስሙን እንዴት አቆየ? ጠጥቶ ሊቅ የሆነው በየአውደ ምሕረቱ ሲወደስ ጠጥቶ ያበደውን የሚዘክረው ስለሌለ ይመስለኛል። ሌላም ምክንያት አለ። ምእመኑ የሚሰማው በክብረ በዓል ቀን የሚወርደውን መወድስ ብቻ ነው፤ የጫካውን ረኃብና ብርድ፣ የተሰበረውን ቤት፣ የአስነጋሪውን ትዕግሥት አያይም። ያልታየ ድካም ደግሞ ሁልጊዜ ተአምር ይመስላል።

ይህ አጉል እምነት ነው ተብሎ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ውለታውን ለቅጠል ስንሰጥ ከመምህሩና ከተማሪው ላይ ነጥቀን ነው። ቀለም አልገባህ ያለው ልጅም የጎደለው ትዕግሥተኛ አስነጋሪ መሆኑን ሳያውቅ ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል። ዛሬም ፈተና ሲቃረብ በጫት ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪ ያንኑ የአብሾ ተስፋ ይዞ፣ ያጠናውን የሚያጸናለትን እንቅልፍ ይገፋል።

አስተናግርና አስነጋሪ ሁለቱም የ«ነገረ» ዘሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውን ያናገረውን እንዳያስታውስ አድርጎ ያስለፈልፈዋል። ሁለተኛው ደግሞ ተቀምጦ ይሰማዋል፣ ያርመዋል፣ ነገም ተመለስ ይለዋል። ሊቃውንቶቻችንን ያፈራልን ይህ ሁለተኛው ነው።