ቀለም፣ ክርና ውኃ

ጠላፊ ሥራዋን የምትጀምረው በመርፌ ሳይሆን በእርሳስ ነው። ሐረጉን፣ መስቀሉን፣ የወፉን ክንፍ በነጩ ጨርቅ ላይ ትነድፍና መስመሩን በክር ትከተለዋለች። ንድፉ በመጀመሪያው እጥበት ቢጠፋ አታዝንም፤ ክሩ ቦታውን ወርሶታልና።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። በዚያው ግቢ በበሽታው የተጎዱ ሰዎች ጥጥ ሲፈትሉና ጨርቅ ሲጠልፉ ኖረዋል። ደዌው የጣትን ስሜት የሚነጥቅ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ በመርፌ መተዳደራቸው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የብዕርና የቀለም አገር በሆነችው ኢትዮጵያ የልብስ ጌጥ ለክር እንጂ ለቀለም ያልተሰጠው ስለምንድን ነው?

መልሱ ከቀለሙ አሠራር ይገኛል። የቁም ጸሐፊው ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህል፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከሙጫ ነው። በሙቀጫ ተወቅጦ ለወራት ይብላላል፤ ደርቆ ይቀመጥና ለጽሕፈት ሲፈለግ በውኃ ይበጠበጣል። ጥላሸት ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ብራና ዛሬም የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ጥላሸቱ በላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ ከጥጡ ጋር አይዋሐድም፤ የሚያጣብቀው ሙጫም በውኃ ይሟሟል። በቁርኣን ቤት ይህ ጠባይ እንደ በጎ ነገር ተቆጥሯል፤ ልጁ በእንጨት ለውህ ላይ የተጻፈለትን ትምህርት ሲያጠና ቀለሙ ይታጠብና ሰሌዳው ለሚቀጥለው ይዘጋጃል።

በጎንደር ዘመን በተስፋፋው ልማድ የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያረፈው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። እንግዲህ አበው በጨርቅ ላይ መሣልን ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ያ ጨርቅ ወንዝ የማይወርድ መሆኑ ነው። ሸማ ግን ወንዝ ይወርዳል፤ በእንዶድ ይታሻል፣ በእግር ይረገጣል፣ በድንጋይ ላይ ይሰጣል። ይህን የሚችለው ከድርና ማጉ ጋር አብሮ የተሸመነ ጥበብ ነበር። ሸማኔውም ጽኑ ቀይና ሰማያዊ ሲፈልግ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ እየተረተረ ክሩን በሸማው ጥለት ውስጥ ያስገባ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔውንም ጸሐፊውንም በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ሁለቱ ንቀቱን ተካፈሉ እንጂ ሙያቸውን አልተዋዋሱም።

ብዕር በልብስ ላይ እንዲጸና ያደረገው የኬሚስትሪ ዕውቀት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን አንሶላቸውን በብር ናይትሬት ቀለም ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ጠቁሮ በክሩ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን ሰው ሠራሹን ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከጥጥ ጋር በኬሚካዊ ትስስር የሚጣመሩ ቀለሞች ለገበያ ቀረቡ።

ዛሬ በካናቴራ ላይ በእጁ የሚሥል ወጣት የሚጠቀምበት የጨርቅ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከጥንቱ ጋር ዝምድና አለው፤ ልዩነቱ ማያያዣው ነው። በሙጫው ፈንታ አክሪሊክ ገብቷል፤ እርሱም በካውያ ሙቀት ከጠጠረ በኋላ ውኃ አያሟሟውም። ተራ እስክርቢቶ ግን ይህ ማያያዣ ስለሌለው ይፈሳል። አዲስ አቡጀዲም ሆነ ካናቴራ ከመሣሉ በፊት መታጠብ አለበት፤ ፋብሪካው የቀባው ስታርች ቀለሙን ከጥጡ ይለየዋልና። ሥዕሉ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በውስጥ በኩል፣ ያለ እንፋሎት፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተኮሳል። ጨውና አቼቶ ይጨመርበት የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አይሠራም፤ አቼቶ የሚረዳው ሱፍና ሐር በሚነከርበት ጊዜ ነው። ልብሱ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና፣ ሳይፈተግ ይታጠባል። ለጥጥ የተዘጋጀውን ቀለም በፖሊስተር ላይ ያሳረፈ ሰው ግን ይህን ሁሉ ቢያደርግም መስመሩ ቀስ በቀስ ይለቅበታል።