አርበኞቹ በጥምቀተ ባሕር

ጎጃም ባሕር የለውም። ዓባይ ዙሪያውን ቢከበውም ዓባይ ወንዝ ነው እንጂ ባሕር አይባልም። ነገር ግን ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ በቢቸና ወይም በሞጣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ታቦቱም ሕዝቡም «ወደ ባሕር» ሲወርድ ያያል። ያ ባሕር ጅረቱን በድንጋይና በአፈር ከትረው የሚያቁሩት ውሃ ነው፤ ከተራ የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። ካህናቱ ጥምቀተ ባሕር ይሉታል። እኛም ልጆች ሆነን ከዚህ ሌላ ባሕር መኖሩን የሰማነው ጂኦግራፊ መማር ስንጀምር ነው።

ከሁለቱ ከተሞች የመጣን ተማሪዎች ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ስለ በዓሉ ሃይማኖታዊ ትርጉም ለማተት አይደለም፤ ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሞልቷል። የምንጽፈው ከታቦቱ ኋላ በሰልፍ ስለሚመጡት፣ ከተማው በአጭሩ «አርበኞቹ» ስለሚላቸው ጥቂት ሰዎች ነው።

እኛ ስንደርስ ከእውነተኞቹ የቀሩት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። ካኪ ኮት፣ ደረት ላይ ሜዳልያ፣ ራስ ላይ ጎፈር፣ እጅ ላይ ደግሞ ጥይቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ የሆነ ምንሽር። የቀሩት ሰልፈኞች ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ። ዛሬማ ሜዳልያውን የሚያጠልቀው የልጅ ልጅ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው አርበኛ በሕይወት ቢኖር ዛሬ መቶ ዓመት ባለፈው ነበር። ታቦቱ ድንኳን ከገባ በኋላ ሜዳው ይከፈታል። ወጣቱ ይጨፍራል፣ ሎሚ የሚወረውረውም ይወረውራል፤ አርበኞቹ ደግሞ ክብ ሠርተው ሽለላ ይጀምራሉ። አንዱ ዘራፍ ብሎ ይወጣል። ፎካሪ ሁልጊዜ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል፤ ይህ የፉከራ ደንብ ነው። በእኛ አገር ባሕር ዳር የሚሰማው ደግሞ «የአባ ኮስትር አሽከር!» የሚል ነው። አባ ኮስትር ማለት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። እነዚሁ ሰዎች በዓመት ሌላም ቀን ይሰለፋሉ፣ በድል በዓል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ንጉሡ የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ንጉሡ የገቡበት ቀን የድል ቀን ተባለ። ደርግ ሲመጣ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፤ አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዚያ ቀን ነውና። ንጉሡን ከበዓሉ ለማስወጣት የታሰበ ይመስለናል። የጎጃም ሰው ግን ፈገግ ሳይል አልቀረም፤ ምክንያቱም ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡት በዚያው በመጋቢት 28 ቀን 1933 ነበር! በር ዘግተውባቸው በመስኮት ገቡ ማለት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ቀኑ ወዲያ ወዲህ ሲል አርበኞቹ ያንኑ ኮት ለብሰው ተሰለፉ።

በባሕሩ ዳር የሚነሣው ስም ግን ከእነዚህ ቀኖች ከአንዱም አይገጥምም። በላይ በአምስቱ ዓመት ቢቸናንና አካባቢውን ይዞ ጣልያንን እንቅልፍ የነሣ ሰው ነው። ድል ሲሆን ደጃዝማችነት ተሰጠውና ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ከእርሱ ያነሰ የሠሩት የበለጠ ሲሾሙ አየ፤ ቅሬታው ውሎ አድሮ ሽፍትነት ሆነ፣ የሶማ ተራራን ይዞ ከመንግሥት ጦር ጋር ተዋጋ። እጁን ሰጠ፤ ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ተያዘ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ ነው፣ ለጣልያን ያደሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ። አርበኛና የባንዳ ልጅ በአንድ ቀን በአንድ እንጨት!

ጥር 4 ማለት ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ መርዶው ቢቸና የደረሰው ሰው ነጠላውን ለከተራ ሲያጥብ ሳይሆን አይቀርም። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ሆኖም የበላይ ስም ከሌላው በዓል ይልቅ በባሕሩ ዳር ለምን እንደሚበረታ ስናስብ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘንም። በንጉሡ ዘመን በአደባባይ የማይነሣ ስም በፉከራ ውስጥ ይነሣ ነበር። ፎካሪን ደግሞ ማን ይከሰዋል?

ሞጣ ሌላ ማስታወሻ አላት፤ እርሱም ውሃ ላይ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣልያን ጊዜ ቅስቱ ተሰበረ፤ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች ሰበሩት ይባላል። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ፣ እስከ 1994 ዓ.ም. ጥገና ድረስ፣ የጎጃምና የቤጌምድር ገበያተኛ ወገቡን በገመድ ታስሮ በክፍተቱ ላይ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ድሉን ሁሉም ያከብራል፤ በገመዱ የተንጠለጠለው ግን ገበሬው ነው።

ይኸው ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በሞጣም በቢቸናም ጠመንጃውን አነሣ። ርስቴ ሊለካ ነው፣ ሊወሰድ ነው ብሎ ፈራ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻው ግን አገረ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። ከሸፈቱት መካከል የአምስቱ ዓመት አርበኞች ነበሩባቸው። ሜዳልያ የሰጣቸውን መንግሥት ሲወጉ ሜዳልያውን አውልቀው ይሁን አጥልቀው፣ ያየ ሰው ቢነግረን ደስ ባለን።

አንድ ነገር ደግሞ ደብቀን እንዳናልፍ። በ1933 የደብረ ማርቆስ የጣልያን ጦር ሲሸሽ በላይ ዓባይ ላይ ይቆርጠዋል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይቆርጠው ቀረ፤ ጦሩ ተሻገረ። በዘመቻው የነበሩ እንግሊዞች ከራስ ኃይሉ ጋር ተስማምቶ ነው ብለው ጽፈዋል። ፉከራው ይህን አያነሣም፣ እኛም በባሕሩ ዳር ልናነሣው አንደፍርም፤ የታሪክ ተማሪ ግን አላየሁም ሊል አይችልም። ከመካከላችን አንዱ አንድ ሽማግሌን «አባባ፣ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ጥያቄውን እንዳልሰሙ ሆነው ዝናብ ስለመዘግየቱ አወሩለት።

ባየነው የመጨረሻው ጥምቀት ቢቸና ላይ በእኛ ዕድሜ የሆነ ወጣት የአያቱን ሦስት ሜዳልያ ደርድሮ መጣ። አንድ ሕፃን ተጠግቶ ማን እንደሰጠው ጠየቀው። «ጃንሆይ ናቸው ለአያቴ የሰጡት» አለው፣ ኮራ ብሎ። ወዲያው ተራው ደረሰና ወደ ክቡ ዘለቀ፤ «ዘራፍ! የአባ ኮስትር አሽከር!» አለ። ሕፃኑ ከሁላችንም በላይ አጨበጨበ።